ሺመክት ወይስ ሺማርክ

አንድ አባባል አለ፣ በእኛ ቀበሌ ሕፃን አዋቂው ይለዋል፤ ከየት እንደ መጣ አጣርቶ የሚያውቀው ግን እኔ አበጀ ብቻ ነኝ። አንዲት ቃል ብጨምርበት ምላሴን ይቁረጠው፤ ነገሩ የሆነው በገዛ ቤቴ ነው።

የበኩር ልጄ ሲወለድ አባቴ አልጋ ከያዙ ሰባተኛ ሳምንታቸው ነበር። ልጁ እንደ ሰው ልጅ አላለቀሰም፤ ጣሪያውን ነው ያንቀጠቀጠው። እንዲህ ላለው ተራ ስም አይመጥነውም። የእኔ ወገን «ሺመክት ይባል» አለ፤ የባለቤቴ የዘውድነሽ ወገን «ሺማርክ ካልተባለ ሞተን እንገኛለን» አለ። አንደኛው ሺውን ጠላት ገትሮ ይይዛል፣ ሌላው ሺውን ማርኮ ይነዳል። ቀላል ምርጫ እንዳይመስላችሁ።

አባቴ ይጠብቃሉ። በእኛ አገር ሽማግሌ ልጅ የሚመርቀው በስሙ ጠርቶ ነው፤ ስም በሌለው ልጅ ላይ ምርቃት አያርፍም ይባላል። የእሳቸው ምርቃት ደግሞ ድንጋይ ያበቅል ነበር።

«ማን አላችሁት?» አሉኝ ሰኞ ዕለት።

«እየተመከረበት ነው፣ አባባ።»

«አበጀ፣ እኔ እኮ መንገደኛ ነኝ። ስሙን ንገረኝና ልመርቀው።»

ምን ላድርግ? ሦስት መቶ ሽማግሌ ዋርካው ሥር ይሟገታል። ዘጠኝ በሬ ታርዷል። መሐል ገብቼ፣ ድምፄ እስኪዘጋ ለምኜ፣ ዓርብ ረፋድ ላይ ሺመክት ብለን ቆረጥን። ልጁን ታቅፌ እየሮጥኩ ገባሁ።

«አባባ፣ ሺመክት ነው» አልኳቸው። ደግሜ አልኳቸው። እጃቸውን ብይዘው ቀዝቅዟል።

ልጁ አሁን ሃያ ዓመቱ ነው። እኩዮቹ አያቶቻቸው እንዴት እንደ መረቋቸው ማውራት ሲጀምሩ ተነሥቶ ይወጣል። እኔም የሁለቱን ወገን ግትርነት እረግማለሁ።

ባለፈው እሑድ ይህንኑ ለእንግዶች ስተርክ ዘውድነሽ ጥግ ላይ ምስር ትለቅም ነበር። ቀና አላለችም።

«የእኔ ወገን የትኛው ነው፣ አበጀ? የመጣችው እናቴ ብቻ ናት፤ እሷም ለክርስትናው ነው የደረሰችው። ሽማግሌም በሬም አልነበረም። ሁለቱንም ስም ያመጣኸው አንተ ነህ። አራት ቀን ሙሉ ደጅ ተቀምጠህ አንዴ ይኼን፣ አንዴ ያንን ጮክ ብለህ እየጠራህ የትኛው እንደሚያስፈራ ታዳምጥ ነበር። አባባ ‹የፈለገውን ይበለው፣ ብቻ ይንገረኝ› ብለው ሁለት ጊዜ ላኩኝ። ነገ አልከኝ። እኔም ስም ማውጣት የአባት ነው ብዬ አፌን ያዝኩ፤ ምነው ባልያዝኩት።»

እንግዶቹ እኔን አዩኝ።

«ጎረቤት ለቅሶ መጥቶ ያየውን ነው እስከ ዛሬ የሚለው» አለች፣ ከምስሩ ጠጠር እያወጣች፤ «ስም ሲያማርጡ፣ መራቂ አጡ።»