አምስተኛው ቋጠሮ

ስሟን ዘመን ባስረሳት አንዲት ጥንታዊ የነጋዴ ከተማ ሐጂ ጦይብ የሚባሉ አላህን የሚፈሩ ሽማግሌ ነበሩ። የውኃ ማኅበሩ አባት እሳቸው ናቸው። ከተማዋ ከአንድ ጉድጓድ በቀር ሌላ ውኃ አልነበራትም።

በየማለዳው ከሱብሒ ሶላት በኋላ ቋጠሮ ያለው ረጅም ገመድ ወደ ጉድጓዱ ይወርዳል፤ ከዚያም መስጂዱ በር ላይ ይሰቀላል። አላፊ አግዳሚው የረጠበውን ቋጠሮ ቆጥሮ ምን ያህል ውኃ እንደቀረ ያውቃል። አምስት ከሆነ ከብትም ይጠጣል። ከዚያ ካነሰ ውኃው ለሰው ብቻ ነው፤ ለአንድ ቤት አንድ እንስራ።

ዝናብ በቀረበት ዓመት ገመዱን የሚያወርደው የሐጂ ምክትል ይመር ነበር። አንድ ማለዳ ገመዱን ስቦ ቢያወጣው የረጠበው ሦስት ብቻ ሆነ። ሰዉ ይህን ካየ ከተማዋን ጥሎ ይሰደዳል፣ ማኅበሩም ይፈርሳል ብሎ አሰበ። ክፋት አልነበረበትም፤ ፈርቶ ነው። ለሶላት ከሚታጠብበት ከኡዱ ማድረጊያው ውኃ በእፍኙ ዘግኖ ሁለት ቋጠሮ ጨምሮ አረጠበና ሰቀለው።

ውሸት እግር አላት፤ ከተማዋን የሚገዛው ሹም ግቢ ለመድረስ እስከ ረፋድ እንኳ አልቆየችም። የሹሙ አጋፋሪ እንስራ የተሸከሙ አሥራ ሁለት አሽከሮች አስከትሎ መጣና ውኃ ለመቅዳት የቆመውን ሰልፍ ጥሶ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመ። አምስት ቋጠሮ ስለረጠበ የሹሙ በቅሎዎች ይጠጣሉ አለ።

«በቅሎዎቹ ከሱብሒ ጀምረው ተሰልፈው ከሆነ ይለፉ» አሉ እሜት ዙበይዳ ከሰልፉ መሐል። ሰዉ ሳቀ። አጋፋሪው አልሳቀም።

ሐጂ ጦይብ ገመዱን ከመስጂዱ በር አውርደው በጣታቸው ዳሰሱት። የጉድጓዱ ውኃ ቀይ ጭቃ ይተዋል፤ ላይኞቹ ሁለት ቋጠሮዎች ግን ንጹሕ ነበሩ። ወደ ይመር ዞር አሉ። የይመር እጅጌ እስከ ክርኑ ርሷል። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ሐጂ ስሙን አልጠሩም። ገመዱን ከፍ አድርገው ለሰልፈኛው አሳዩ። «ገመዳችን ዛሬ ዋሽቷል። ያለን ሦስት ነው። አማናው፣ አደራው፣ የእኔ ነበር፤ ጥፋቱም የእኔ ነው። አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ።»

ይመር ሰዉ ሲበተን ለማየት ጠበቀ። ከሰልፉ የወጣ የለም። ፍየሎቹን ይዞ የመጣ አንድ ጎልማሳ ብቻ ፍየሎቹን ወደ ቤቱ መለሰ።

አጋፋሪው ተቆጣ። ሹሙ ሐጂን ከቦታቸው ሊሽራቸው፣ እግር ብረትም ሊያስገባቸው እንደሚችል ነገራቸው።

«ይችላሉ» አሉ ሐጂ። «አንተም አሥራ ሁለቱን እንስራ መሙላት ትችላለህ፣ ልጄ። አስቀድመህ ግን ዛሬ ሳይጠጡ የሚያድሩትን አሥራ ሁለት ቤቶች ምረጥ። እኔ አልመርጥልህም። በስማቸው ጥራና በራስህ አፍ ንገራቸው።»

አጋፋሪው ሰልፉን አየ። ሰልፉም አየው። ያን ጊዜ ይመር ከሐጂ ጎን ቆመ። «ያረጠብኩት እኔ ነኝ። የሚታሰር ካለ ከእኔ ይጀመር» አለ። እሜት ዙበይዳም እንስራቸውን አውርደው ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጡ።

አጋፋሪው ስም አልጠራም። አሥራ አንዱን አሽከሮች አሰናበተ፤ ለሹሙ ቤትም እንደ ማንኛውም ቤት አንድ እንስራ እንደሚገባ ተናገረ። ሐጂ ሐቅ ነው አሉ። ወደ ሰልፉ ጫፍ ሄደው የመጨረሻውን እንስራ፣ የራሳቸውን፣ ወደ ኋላ ገፋ አድርገው ለሹሙ እንስራ ቦታ ለቀቁ።

ይመር አላስቻለውም። የማኅበሩ አባት ሆነው ለምን ከሁሉ ኋላ እንደሚሆኑ ጠየቃቸው።

«ውኃ ሲተርፍ መሪ ፊት ቢቆም ማንንም አይጎዳም» አሉ። «ሲያንስ ግን ቦታው ከኋላ ነው።»

ወገኖቼ፣ ለሹሙ በሩን የከፈተለት ለሰው በማዘን የተዋሸው ውሸት ነበር፤ በሩን የዘጋበት ደግሞ ሐቁ ነው። ሰው ጥማትን በሶብር ይችላል፤ መታለልን ግን አይችልም። ማኅበርም ሆነ መሥሪያ ቤት የምንመራ ሁሉ፣ የችግር ቀን ሲመጣ ገመዱን ማን እንዳረጠበው እንመርምር። እንስራችን የት እንደተቀመጠም እንይ። ከሰልፉ ፊት ካገኘነው፣ በዳይን ተው ለማለት በምን አፍ እንናገራለን?