እግር የሌላቸው ቤቶች

አንድ ንጉሥ ነበር። ከግዛቱ በስተሰሜን ዳር ዛፍ የማይበቅልበት፣ ከዓመቱ ሦስቱን ወር ፀሐይ የማትወጣበት የበረዶ አገር ነበረው። እዚያ መዳብ ተገኘ ሲሉት ከተማ ይቆርቆርልኝ አለ፤ ስሟንም ገና ሳትሠራ «ፀሐይ በር» ብሎ አወጣላት። ቀልድ አልነበረም፤ ቦታውን አይቶት ስለማያውቅ ነው።

ሥራው የተሰጠው ሹም በአገሩ አሉ ከሚባሉት ግንበኞች አንዱን ይዞ ሄደ። ግንበኛው ሚስቱ የሞተችበት ሰው ስለነበር ትንሽ ሴት ልጁን አብሮ ወሰዳት። ከእሷ ሌላ ማንም የለውም።

መሠረት መቆፈር ሲጀምሩ መሬቱ አካፋ አላስገባ አለ። ሹሙ ደስ አለው። ከዚህ የጠነከረ መሠረት የት ይገኛል ብሎ ቤቶቹ እዚያው መሬቱ ላይ እንዲያርፉ አዘዘ። በአካባቢው አጋዘን እያረቡ የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ፤ ከእነሱ አንድ ሽማግሌ ሥራውን ቆመው ሲያዩ ዋሉና ግንበኛውን ጠጋ አሉት።

«ልጄ፣ ይህ መሬት የጠነከረው ስለቀዘቀዘ ነው። እናንተ ቤት ውስጥ እሳት ታነዳላችሁ፤ ሙቀቱ ወለሉን አልፎ መሬቱን ያቀልጠዋል። ከሥሩ ያለው ጭቃ ነው። ቤቱን በእንጨት እግር ላይ አቁመውና ነፋሱ በሥሩ ይለፍ» አሉት።

ግንበኛው ሙያውን የሚያውቅ ሰው ነውና ወዲያው ገባው። ሄዶ ለሹሙ ነገረው። ሹሙ ግን የንጉሥን ከተማ እንደ ዶሮ ቆጥ እንጨት ላይ አልሰቅልም፣ ካልቻልክ የሚችል አስመጣለሁ አለው። ግንበኛው የሚያሳድጋት ልጅ አለችውና አልተከራከረም።

ፀሐይ በር በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጉድ የሚያሰኝ ከተማ ሆነች። አራት መቶ ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ ሐኪም ቤት፣ ሙዚቃ የሚመታበት አዳራሽ ሳይቀር ተሠራላት። ሠርግ ተደገሰ፤ ልጆችም ተወለዱ።

በሦስተኛው ዓመት የሐኪም ቤቱ ግድግዳ ተሰነጠቀ፤ ስንጥቁ ጣት ያስገባል። ግንበኛው አየው፣ ምን እንደሆነም አወቀ፤ ግን በኖራ ደፈነው። ከዚያ በኋላ የንጉሡ መርማሪዎች በመርከብ የሚመጡበት ወር በደረሰ ቁጥር ከተማዋን ዞሮ ስንጥቅ ይደፍናል፣ አልዘጋ ያለውን በር ይልጋል፣ ቀለም ይቀባል። መርማሪዎቹ ነጭ ነጩን አይተው አድንቀው ይመለሳሉ። አንድ ጊዜ እንዲያውም ኒሻን ሸለሙት። ሕዝቡ ደግሞ በስንጥቁ ብርድ ሲገባበት እሳት ጨመረ። እሳቱ ሲጨመር መሬቱ የባሰ ቀለጠ፤ መሬቱ ሲቀልጥ ግድግዳው የባሰ ተሰነጠቀ።

ልጁ አድጋ አንድ የመዳብ ቆፋሪ አገባች፤ ፀነሰች። የመውለጃዋ ቀን ሲቃረብ አባቷ ዘንድ መጣች።

«አባባ፣ ቤት ልውለድ ወይስ ሐኪም ቤት?» አለችው።

ያንን ሐኪም ቤት አራት ጊዜ በእጁ ለስኖታል። ቤትሽ ውለጂ ቢላት ለምን ብላ ትጠይቀዋለች፤ ምክንያቱን ከነገራት ደግሞ የደበቀው ሁሉ ይወጣል። እዚያ የምትቆየው ቢበዛ አንዲት ሳምንት ነው፤ እስከዚያ አይወድቅም ብሎ በልቡ አሰላ።

«ሐኪም ቤት ይሻልሻል። ይሞቃል» አላት።

በወለደች በሁለተኛው ቀን ትልቁ ምድጃ ያለበት ማዕዘን ወደ ጭቃው ሰመጠና ጣሪያው ተደረመሰ። እሷና ሕፃኑ ከሌሎች አምስት ሰዎች ጋር ሞቱ።

ከቀብር መልስ ባሏ የራሱን ሐዘን ትቶ አማቱን ሊያጽናና አጠገቡ ተቀመጠ።

«አይዞዎት አባቴ፤ ከእግዜር የመጣ ነው። ማን ያውቅ ነበር?» አለው።

«እኔ አውቅ ነበር» አለ ግንበኛው።

ባልየው ተነሥቶ ወጣና ለጎረቤት ተናገረ። ሕዝቡ ተሰብስቦ መጥቶ የቱ ቤት ደህና እንደሆነ ጠየቀው። ግንበኛው በየመንገዱ እየመራቸው ሄደ፤ ደህና ነው ያለው አንድም ቤት አልነበረም። በዚያው ዓመት መርከቦች መጥተው ሕዝቡን ጭነው ወሰዱ። ድስት በየምድጃው ላይ፣ የልጆች ደብተር በየወንበሩ ላይ ቀረ። ሹሙ ሌላ ቦታ ተሾመ። ግንበኛውን የሚያናግረው ሰው አልነበረም፤ በመጨረሻው መርከብ ላይ ብቻውን ተሳፈረ።

ወዳጆቼ፣ ሹሙ ትዕቢተኛ ነበር፤ ይህን ማንም ያየዋል። ነገር ግን ትዕቢተኛው ቢነገረውም አላመነም ነበር። ከተማዋን የገደላት እያወቀ የደፈነው ሰው ነው። ጥፋትን የሚሸፍን ሰው የሚጎዱት ሌሎች ብቻ ይመስሉታል፤ አንድ ቀን የሚወደው ሰው መጥቶ ልግባ ወይ ብሎ እንደሚጠይቀው አያስብም።

እርስዎ ዛሬ ዝም ያሉበት ቤት ውስጥ ነገ የሚተኛው ማን ነው?