ትርንጎ አንድ ዛላ ስትፈልግ

ተረቴ ትንሽ ናት፣ ጅራቷ ግን ረጅም ነው፤ ጆሯችሁን አውሱኝ።

ከፍኖተ ሰላም ወዲያ ባለች መንደር ትርንጎ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ አንለይ ከሞተ ሦስት ወር ሆኖታል። ከአባቱ ተቀብሎ ሲዘራው ከኖረው በርበሬ አንድ ተክል ብቻ ቀርቷል። ትርንጎ የፈለገችው ከዚያ ተክል ላይ አንድ ዛላ ነው፤ ለዘር። አንድ ዛላ ካልቀላ የአንለይ በርበሬ በዚያው አበቃ።

ተክሉን አፍራልኝ ብትለው፣ ቅጠሌ ካልመገበኝ በምኔ ላፍራ አላት።

ቅጠሉ ተኮማትሮ ዥንጉርጉር ሆኗል። ቫይረስ ገብቶብኛል፣ ቁስሌ ካልተዘጋ አልመግብም አለ። ቅጠል አልመግብ አለ፣ ተክል አላፈራ አለ።

ቁስል የሚዘጉት ኢንዛይሞች ናቸው፤ በቅጠል ውስጥ የሚደክሙ፣ ዓይን የማያያቸው ሠራተኞች። አንለይ ግንበኞች ናቸው ይላት ነበር፤ ቫይረሱ የገባበትን ቦታ አድርቀው፣ ዙሪያውን አጥረው እዚያው ያስቀሩታል። አሁን ግን አኩርፈዋል። አንዱን ስንደፍን ክሽክሽ ሌላ ትበሳለች፣ በቀዳዳውም ቫይረስ ታስገባለች፣ መጀመሪያ እሷን አስነሺልን አሏት። ኢንዛይም ቁስል አልዘጋ አለ፣ ቅጠል አልመግብ አለ፣ ተክል አላፈራ አለ።

ክሽክሽ፣ ያቺ ጭማቂ መጣጭ ተባይ፣ ጥንዚዛ እንዳይበላኝ ጉንዳን እየጠበቀኝ የት እሄዳለሁ አለች። ጉንዳንም ከክሽክሽ የሚንጠባጠበውን ጣፋጭ እየላሰ፣ አመድ ካልነሰነሱብኝ ንቅንቅ አልልም አለ። ጉንዳን ከክሽክሽ አልርቅ አለ፣ ክሽክሽ ከቅጠል አልነሳ አለች፣ ኢንዛይም ቁስል አልዘጋ አለ፣ ቅጠል አልመግብ አለ፣ ተክል አላፈራ አለ።

ትርንጎ አመድ ፍለጋ ወደ ምድጃዋ ሄደች። ምድጃው ባዶ ነው፤ ሦስት ወር ሙሉ ጎረቤት ያመጣላትን ስትበላ ከርማለች። እሳትን ብትለምነው፣ ፍልጥ ሳትሰጪኝ በምን ልንደድ አላት። እሳት አልነድ አለ፣ አመድ አልገኝ አለ፣ ጉንዳን ከክሽክሽ አልርቅ አለ፣ ክሽክሽ ከቅጠል አልነሳ አለች፣ ኢንዛይም ቁስል አልዘጋ አለ፣ ቅጠል አልመግብ አለ፣ ተክል አላፈራ አለ።

ፍልጥማ ሞልቷል። አንለይ በሞተበት ሳምንት ፈልጦ በደጅ የከመረው ነው።

«እኔን ምን ትይኛለሽ?» አለ ፍልጡ። «እጁ ያረፈበት ነው፣ ማንም እንዳይነካው ያልሽው አንቺ ነሽ።»

ትርንጎ ክምሩ ሥር ቁጭ እንዳለች ጎረቤቷ እትዬ ዳሳሽ ሽሮ ይዘው መጡ። ከዛላው ጀምራ እስከ ፍልጡ አንድ በአንድ አጫወተቻቸው።

«አንቺ ልጅ፣» አሉ እትዬ ዳሳሽ፣ «አንለይ ያን ሁሉ ላብ ያፈሰሰው እንድትሞቂበት ነው እንድታለቅሺበት? ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔም ሽሮ ማመላለስ ታክቶኛል።»

ትርንጎ ሳታስበው ሳቀች። እንባዋን በነጠላዋ ጠረገችና ከክምሩ አንድ ፍልጥ አነሳች።

ፍልጥ እሳት ሆነ፣ እሳት አመድ ሆነ፣ አመድ ጉንዳንን አባረረ፣ ጥንዚዛ ክሽክሽን ለቀመ፣ ኢንዛይም ፋታ አግኝቶ ቁስሉን ዘጋ፣ የታመመው ቦታ ደርቆ ቀረ፣ አዲስ ቅጠል ንጹሕ ሆኖ ወጣ፣ ቅጠል መገበ፣ ተክል አበበ፣ አንድ ዛላ ቀላ።

ከዛላው ዘር እትዬ ዳሳሽም ተካፈሉ።

ተረቴ እዚህ ላይ አረፈች፤ ዘሯ ለሚዘራ ይድረሰው።