ሦስት ልጆች በአንድ ሰሃን

«ልጃችን ሁለት ዓመት ሞላት፤ በምትበላው ነገር ግን ከሚስቴ ጋር መስማማት አቃተን። ከሁለታችን ማን ነው ልክ?» ብለህ ጠየቅኸኝ። ተቀመጥና ስማኝ።

አንድ ባለ ታንኳ ነበረ። የዚህን ማዶ ሰው ወደዚያ፣ የዚያን ማዶ ሰው ወደዚህ እያሻገረ ይኖር ነበር። ቤቱ ከሐይቁ ዳር ነው። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከውሃው ላይ ተነሥቶ ግቢውን ስለሚሞላው፣ በሩን ሲከፍት ምድሩ የት እንደሚያልቅ፣ ውሃው የት እንደሚጀምር አይለይለትም። ዝምተኛ ሰው ነበር። ሚስቱ ብርቱ ሴት ናት፤ ከጓሮዋ ጎመን፣ ካሮትና ድንች አይጠፋም። ተዋደው ነው የተጋቡት። ብዙ ዓመት ልጅ አጥተው ቆይተው፣ ተስፋ ሊቆርጡ ሲሉ አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። ስሟን ትጓደድ አሏት።

ትጓደድ ጡት እስክትተው ድረስ በቤቱ ሰላም ነበረ። ጡት ትታ ገበታ ስትቀርብ ጠቡም አብሯት ቀረበ።

አባት ገንፎዋ በቅቤ ካልዋኘ ምግብ አይመስለውም። ሻይዋ ላይ ስኳር ይደፋል፤ ከገበያ ሲመለስ ኪሱ ከረሜላ አያጣም። «ልጅ ሲወፍር ነው የሚያምር» ይላል። እናት ደግሞ ቅባትና ጣፋጭ ከልጇ አፍ እንዲደርስ አትፈልግም። ጎመኑን ቀቅላ፣ የዓሣውን አጥንት አንድ በአንድ ለቅማ፣ ድንቹን አድቅቃ ታቀርባለች፤ ጨው እንኳ በስስት ነው።

«ይሄ እኮ የበሽተኛ ምግብ ነው» ይላል እሱ።

«ያንተው ነው በሽተኛ የሚያደርጋት» ትላለች እሷ።

እሷ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ እሱ ማር ያልሳታል። እሱ ታንኳውን ገፍቶ ሲሄድ እሷ የልጅቱን አፍ አጥባ ጎመን ታቀርባለች። ሁለቱም ቤት ሲሆኑማ ሁለት ማንኪያ ወደ አንዲት ትንሽ አፍ ይዘረጋል። «የኔን ጉረሺ፣ የኔ እናት!» «ተይ፣ ይሄን ቅመሺ!» ልጅቱ አንዴ አባቷን፣ አንዴ እናቷን ታያለች። የማንን ብትጎርስ የማን ፊት እንደሚጠቁር ገና መናገር ሳትችል አወቀች።

አንድ ቀን አፏን ዘጋች። ቢለምኗት እምቢ፣ ቢዘፍኑላት እምቢ፣ ቢቆጧት እምቢ። በግድ ያጎረሷትን ጉንጯ ውስጥ ታቆየውና ዞር ሲሉ ትተፋዋለች። አንድ ሳምንት እንዲህ አለፈ፤ ሁለተኛው ተከተለ። ክንዷ ቀጠነ። ሳቋ ጠፋ። ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ውሃውን ስታይ ትውል ጀመር።

ደነገጡና ጤና ጣቢያ ወሰዷት። ነርሷ መዘነቻት፣ ዐይኗንና ምላሷን አየች፣ ሆዷን ዳበሰች። «በሽታ አላገኘሁባትም፤ ክብደቷ ግን ቀንሷል፤ እንዲህ ከቀጠለች ያሰጋል» አለቻቸው። «አትክልቱንም፣ ዓሣውንም፣ ትንሽ ቅቤም ቀላቅላችሁ ስጧት። ስኳሩን ተዉት። ደግሞ አታስገድዷት።»

ሲመለሱ በመንገድ ላይ አባት፣ «ቅቤ ስጧት ስትል ሰማሽ?» አለ። እናት፣ «አትክልት ስትል ሰማህ?» አለች። ስለ ማስገደዱ የተባለውን የሰማው የለም። ልጅቱ በእናቷ ጀርባ ላይ ዐይኗን ጨፍና ነበር።

በማግስቱ ባለ ታንኳው አንድ መንገደኛ አሻግሮ ባዶውን ይመለስ ነበር። ቀትር ነው፤ ነፋስ የለም። ሐይቁ ጠፍጣፋና ነጭ ሆኖ ተዘርግቷል። ሰማዩ ወደ ውሃው ወርዶ፣ ታንኳው በሁለት ሰማይ መካከል የተንጠለጠለ ይመስላል። መቅዘፊያውን ጭኑ ላይ አጋደመ። «ትንሽ ልረፍ» አለ። ዐይኑ ከበደው።

ቤቱ ውስጥ ራሱን አገኘው። ቤቱ ግን ግድግዳ የለውም። ወለሉ ውሃ ነው፤ ማንንም አያሰምጥም። ሰሃኑ መካከል ላይ ተቀምጦ እንፋሎቱ በዝግታ ይወጣል። ትጓደድ ከሰሃኑ አጠገብ ተቀምጣለች። በቀኟ አንድ ወንድ ልጅ፣ በግራዋ አንዲት ሴት ልጅ አብረዋት ተቀምጠዋል። ወንዱ ከሲታ ነው፤ ባዶ የቅቤ ቅል ታቅፎ ውስጡን በጣቱ ይጠርጋል። ሴቷ የበዓል ቀሚስ ለብሳለች፤ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛለች።

ባለ ታንኳው በቅቤ የራሰውን ገንፎ በማንኪያ አንሥቶ ወደ ትጓደድ ዘረጋ። ከሲታው ልጅ አንገቱን አስግጎ ዋጠው። ሌላ ዘረጋ፤ እሱንም ዋጠው። ሚስቱ ከፊት ለፊት ተቀምጣ ጎመን ታጎርሳለች፤ የእሷም ማንኪያ በዘረጋችው ቁጥር ቀሚስ የለበሰችው ልጅ አፍ ውስጥ ይገባል። ትጓደድ በመካከላቸው ሆና፣ ቤት እንዳልለመደ እንግዳ፣ ዝም ብላ ትጠብቃለች።

«አንተ ልጅ፣ አልጠገብህም እንዴ?» አለው ባለ ታንኳው።

ልጁ ቀና አለ። ከቅንድቡ በላይ ጠባሳ አለው። ባለ ታንኳው የራሱን ግንባር ዳበሰ፤ ጠባሳው እዚያው ነው።

«አንተስ፣ ጠግበህ ታውቃለህ?» አለው ልጁ።

ባለ ታንኳው ወደ ሴቷ ልጅ ዞሮ፣ «አንቺስ የማን ልጅ ነሽ?» አላት። እሷ ወደ ሚስቱ ጠቆመችና፣ «እሷን ጠይቃት» አለችው።

ታንኳው ከደንገሉ ጋር ሲላተም ነቃ። ፊቱ በእንባ ርሷል። ለምን እንዳለቀሰ ለጊዜው አልገባውም።

ቤቱ ሲደርስ ፀሐይዋ ገና አልዘቀዘቀችም። ሚስቱ የቤቱ ጥላ ሥር ከልጅቱ ፊት ተቀምጣለች። ጎመን፣ ድንችና ዓሣ ያለበት ሰሃን መካከላቸው ነው። ማንኪያው ከነጉርሻው አየር ላይ ቆሟል፤ የልጅቱ አፍ እንደተዘጋ ነው።

«ዛሬ ደግሞ ምን ይዘህላት መጣህ?» አለችው ሚስቱ ለጠብ ተዘጋጅታ።

«ምንም አልያዝኩም» አለና መሬት ላይ ተቀመጠ። ለማንም ነግሮት የማያውቀውን ነገር የዚያን ቀን ነገራት። ስድስት ዓመቱ ነበር፤ ዝናብ የቀረበት ዓመት ነው። ጎተራው ተጠርጎ አልቋል። እናቱ የምትሰጠው ብታጣ ባዶውን የቅቤ ቅል ሰጠችው። «ቅቤ አልነበረበትም» አለ፣ «ሽታው ብቻ ነው የቀረው። ሦስት ቀን ላስኩት። እናቴ እኔን ላለማየት ፊቷን ታዞር ነበር። አሁን ለትጓደድ ቅቤ ስሰጥ፣ ለዚያ ልጅ ነው የምሰጠው መሰለኝ።»

ሚስቱ አሥር ዓመት አብራው ስትኖር ስለ ቅሉ ሰምታ አታውቅም።

«አንቺስ?» አላት ቀስ ብሎ። «የበዓል ቀሚስ የለበሰች፣ ሆዷን የያዘች ትንሽ ልጅ ታውቂያለሽ?»

ማንኪያው ከእጇ ወደቀ።

«ማን ነገረህ?»

«ማንም አልነገረኝም።»

 ዐይኗን ከመሬት ሳታነሣ ተናገረች። «ታናሽ እኅቴ ናት። አራት ዓመቷ ነበር፤ የአክስቴ ሠርግ ነው። ሁሉም ጮማውን፣ ጣፋጩን ያጎርሳታል። እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር። ‹ጠገብኩ› ስትለኝ፣ ‹አንዴ ብቻ፣ ለኔ ስትይ› ብዬ የመጨረሻውን ያጎረስኳት እኔ ነኝ። በማግስቱ ሆዷን አመማት፤ በሦስተኛው ቀን ቀበርናት። ሰው ሁሉ በሽታ ነው አለ። እኔ ግን ይህን እጄን አላምነውም።»

ባለ ታንኳው እጇን ያዘ። «ስምንት ዓመትሽ ነበር» አላት።

«አዎ።»

«ስምንት ዓመት ብቻ።»

ይህን ሲላት ሆድ ባሳትና አለቀሰች። እሱም አብሯት አለቀሰ። እንዲህ አንገት ለአንገት ተደጋግፈው፣ ሰሃኑንም ልጅቱንም ለጥቂት ጊዜ ረሷቸው።

ያስታወሳቸው ድምፅ ነው፤ የሚያላምጥ አፍ ድምፅ። ትጓደድ ሰሃኑን ወደ ራሷ ስባ፣ በአምስት ጣቷ ድንቹን ታነሣለች። አገጯ በጎመን አረንጓዴ ሆኗል። እናቲቱ ደንግጣ ማንኪያውን ልታነሣ ተነቃነቀች፤ ባሏ የቀሚሷን ጫፍ ያዝ አደረጋት። «ተያት» አላት በሹክሹክታ። ትንፋሻቸውን ውጠው ተቀመጡ። ልጅቱ በላች። ጥቂት በላች፣ አረፈች፣ ደገመች። ቀጥሎም ዓሣና ድንች በአንድ ላይ ጨብጣ፣ ግማሹ መሬት ላይ እየፈሰሰ፣ ወደ እናቷ አፍ ዘረጋች።

እናቲቱ ያንን ትንሽ እጅ ትክ ብላ አየችው። ለረጅም ዓመታት ከማንም እጅ ጎርሳ አታውቅም ነበር። አፏን ከፈተችና ጎረሰች።

ከዚያ ወዲያ ባልና ሚስት መከራከር ተዉ ብዬ አልዋሽህም። ቅቤው በትንሽ ማንኪያ ይሁን በትልቅ፣ ገና ብዙ ተነታርከዋል። ክርክሩን ግን ጓሮ ወጥተው፣ ከጎመኑ መካከል ቆመው ነበር የሚጨርሱት። ገበታው ላይ የተቀቀለው ጎመን ጫፉ በቅቤ ተለውሶ ይቀርባል፤ ከረሜላው ቀረ። የቀረበውን እነሱም ከልጃቸው ጋር ከአንድ ሰሃን ይበሉታል። ክረምቱ ሳያልፍ የትጓደድ ክንድ ሞላ።

እንግዲህ ልጄ፣ «ማን ነው ልክ?» ብለኸኛል። ስለ ጎመኑና ስለ ቅቤው ነርሷን ጠይቃት፤ ከኔ ይልቅ እሷ ታውቃለች። እኔ የማውቀው ይህን ነው፦ በእናንተም ቤት ገበታ ላይ ከልጃችሁ ሌላ ሁለት ልጆች ተቀምጠዋል። አንዱ አንተ ነህ፤ የሌላዋን ስም ሚስትህ ናት የምታውቀው። እነሱ እስካልጠገቡ ድረስ፣ የዘረጋችሁት ማንኪያ ሁሉ መንገድ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ዛሬ ስትገባ ስለ ልጅቱ ምሳ አታንሣባት። አጠገቧ ተቀመጥና፣ «ልጅ ሳለሽ ምን ሆነሽ ነበር?» ብለህ ጠይቃት። መልሷን እስክትጨርስ ድረስ አትናገር። ልጅቱ የምትጎርስበት የራሷ እጅ አላት።