ስለቱን ያገባው ሸማኔ

አንድ ሸማኔ ነበረ። ጥሩ ሚስት ነበረችው፣ ጥሩ ሥራ ነበረው፣ ቀኝ ጎኑን ደግሞ እንደ ጩቤ የሚወጋው ሕመም ነበረበት።

ቆይ፣ የጠየቅሽኝን አልረሳሁትም። «እማማ፣ ድኛለሁ ብሎ ስለቱን ያገባ ሰው ተመልሶ አመመኝ ቢል ነውር ነው ወይ? ላንዲት ጓደኛዬ ነው» ነበር ያልሽኝ። እሱን እየመለስኩልሽ ነው። ትራሱን ወደዚህ ሳቢና ጎንሽን አስደግፊ።

ሸማኔው ሐኪም ቤት ሄደ። የሐሞት ጠጠር ነው አሉት። እንደ ድሮው ሆድ አይዘረጋም አሉ፤ በአራት ጠባብ ቀዳዳ ገብተው የሐሞቱን ከረጢት ከነጠጠሩ ያወጡታል። ሊገባ ሲል ለኪዳነ ምሕረት ተሳለ። «በደህና ብወጣ በገዛ እጄ መጋረጃ ሠርቼ አገባልሻለሁ» አለ። በሦስተኛው ቀን በእግሩ ቤቱ ገባ። ሐኪሙ ሲያሰናብተው፣ «ዓይንዎ ቢወይብ፣ ሽንትዎ እንደ ሻይ ቢጠቁር፣ ብርድ ብርድ ቢልዎት፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይምጡ» ብሎት ነበር። «እሺ» አለ። እሺ ማለት ምን ያስቸግራል!

በሁለት ወሩ መጋረጃውን ጨርሶ ወሰደ። ቄሱ በሕዝቡ ፊት ዘርግተው፣ «ወንድማችን ድኖ ስለቱን አግብቷል» ሲሉ እልልታው የደጀ ሰላሙን ቆርቆሮ አናጋው። ጎረቤቱም በየተራ «እንኳን ማረህ» ሊለው መጣ።

በሳምንቱ ማሳከክ ጀመረው። መዳፉን፣ ውስጥ እግሩን፣ ጀርባውን። ምግብ አስጠላው። ሽንቱ ጠቆረ። ሸማኔው ግን ትንፍሽ አላለም። እንዴት ይበል? እልል ተብሎለታል። አመመኝ ቢል ኪዳነ ምሕረትን «አልሰማሽኝም» ማለት መሰለው። ሐኪሙንም ማሳፈር መሰለው። ሰዉ ደግሞ «መጋረጃው ከልቡ አልነበረም ማለት ነው» ይለኛል ብሎ ፈራ። ስለዚህ እንግዳ ሲመጣ ጨለም ካለው ጥግ ይቀመጣል። ሚስቱንም «የጥጡ ብናኝ ነው የሚያሳክከኝ» ይላታል። ሃያ ዓመት ሙሉ ያላሳከከው ብናኝ!

ሚስቱ ፈታይ ናት፤ ሞኝ ግን አይደለችም። ባልዋ በአገሩ የታወቀው በምን መሰለሽ? በዓይኑ ነው። ከመቶ ልቃቂት መካከል አንዱ ትንሽ ወየብ ያለ እንደሆነ፣ ገና ሳይነካው ለይቶ ይጥለዋል። ለነጠላ አይሆንም ካለ አይሆንም። በሕመሙ ይዋሽ እንጂ በክር ዋሽቶ አያውቅም።

አንድ ቀን ጠዋት፣ ሥራው ላይ ተቀምጦ ጥርሱ ሲንቀጫቀጭ አየችው። አዲስ የፈተለችውን ይዛ መጣችና እጁን ይዛ፣ ክሩን ክንዱ ላይ ጣል አደረገችው።

«እስቲ እይልኝ» አለችው። «ገበያ ላይ አንዷ ወይቧል ብላ መለሰችብኝ።»

«ማናት እሷ ዕውር? ወተት የመሰለ ክር ነው!»

«ደህና አድርገህ እይ እንጂ። ከሁለቱ አንዱማ ወይቧል።»

ክሩን አየ። ከክሩ ሥር ያለውን ክንዱን አየ።

«የወየብኩት እኔ ነኝ» አለ።

«እኔማ ካወቅሁ ሰንብቻለሁ። በል ተነስ።»

«ሰዉ ምን ይለኛል? መጋረጃው እኮ ገና አንድ ጊዜ እንኳ አልታጠበም።»

«ሰዉ ለቅሶህ ላይ የሚለውን ከምሰማ፣ ዛሬ የሚለውን ብሰማ ይሻለኛል» አለችና ጋቢውን ወረወረችለት።

ሐኪሙ ፊት ሲደርስ አንገቱን ደፋ። «ዶክተር፣ ሥራዎን አበላሸሁብዎት» አለ። ሐኪሙ የዓይኑን ሽፋን ገለጥ አድርጎ አየው። «ሥራዬስ ይታረማል። ከጀመረዎት ስንት ቀን ሆነ?» «አሥራ ሁለት።» ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። ለካ አንዲት ጠጠር አምልጣ የሐሞቱ መውረጃ ውስጥ ተሸጉጣ ኖሯል፤ መውረጃው ተዘግቶ ደሙ ሊመረዝ ነበር። በዚያው ቀን በአፉ ቀጭን መሣሪያ አስገብተው አወጡለት። መውረጃው እንደገና እንዳይዘጋ ትንሽ የላስቲክ ቱቦ ትተውበት፣ «በስድስት ሳምንት ይምጡ፣ እሷንም እናወጣታለን፤ ከተረሳች ሌላ ጣጣ ታመጣለች» አሉት።

በስድስተኛው ሳምንት ማንም ሳይጎትተው ሄደ። መንገድ ላይ ቄሱ አገኙት።

«ወዴት ነው በጠዋቱ?»

«ሐኪም ቤት፣ አባ። ሦስተኛዬ ነው» አለ፣ ላቡ በጀርባው እየወረደ።

«እግዚአብሔር ይከተልህ። በቅዳሴው አስብሃለሁ» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። በቃ። ያን ሁሉ ቀን የፈራው ይኸው ነበር።

እንግዲህ ትርንጎ ልጄ፣ ጓደኛዬ አልሽኝ እንጂ ሸማኔው አንቺ ነሽ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ አንቺን ማንበብ ግን አያቅተኝም። ሐሞትሽን ካወጡልሽ ገና ሁለት ወርሽ ነው፤ ከተቀመጥሽ ጀምሮ ደግሞ መዳፍሽን ስታኪ ነው። ስለትሽን ያገባሽ ቀን ያቀረብሽው ምስጋና እውነት ነበር። የዛሬው ሕመምሽም እውነት ነው። ሸማኔው አንዱ ሌላውን ውሸታም የሚያደርገው መስሎት ሊሞት ነበር፤ አንቺም እንደሱ እየቆጠርሽ ነው። ደግሞስ ከሁሉ አስበልጬ እልል ያልኩልሽ እኔ አይደለሁም? እልል ያልኩት ላንቺ ነው እንጂ ለጠጠሩ መውጣት መሰለሽ? ሰባት ጊዜ ብትመላለሺ ሰባት ጊዜ እከተልሻለሁ።

በይ አሁን ወደ መስኮቱ ዙሪልኝና ዓይንሽን ልየው። ሽንትሽስ ከመቼ ጀምሮ ነው የጠቆረው?