ያላረፈችው ቀዛፊ

አንዲት ሴት ነበረች። ሥራዋ መቅዘፍ ነው። ዓሣ ለማጥመድ አይደለም፣ ሰው ለማሻገርም አይደለም፤ ለውድድር ነው። ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ባለ አንድ የቀዘፋ ክለብ ውስጥ፣ ሁለት ሰው በሚይዝ ቀጭን ጀልባ ከጓደኛዋ ከእናኑ ጋር ትቀዝፋለች። ስሟ ይርገዱ ይባላል።

ይርገዱ ጎበዝ ናት። ግን ፈሪ ናት። ውሃ አትፈራም፤ ሐይቁ ላይ ነው ያደገችው። የምትፈራው መቅረትን ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ለብሔራዊ ቡድን ሲመረጥ በአንድ ሰከንድ ተበልጣ ቀርታለች። አንድ ሰከንድ፣ ወገኖቼ! "እህ" ብላችሁ ሳትጨርሱ የሚያልፍ ነገር! ከዚያ ቀን ወዲህ ያቺ ሰከንድ ከጭንቅላቷ አልወጣ አለች።

ታዲያ የዘንድሮው ምርጫ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ምን ታደርግ ጀመር? ሊነጋጋ ሲል፣ ሌሎቹ ሳይነሡ፣ የክለቡ አዳራሽ ገብታ የቀዘፋ ማሽኑ ላይ ትቀመጣለች። አንድ ሰዓት ሙሉ ትስባለች። ከዚያ ላቧን ጠራርጋ፣ ምንም እንዳልሠራ ሰው ከቡድኑ ጋር ልምምድ ትወጣለች። እሑድ የእረፍት ቀን ነው፤ እሷ ግን ተደብቃ ትሮጣለች። አሰልጣኟ ጋሽ ደባሱ አያውቁም። እናኑም አታውቅም።

መጀመሪያ ላይ ጠቀማት። ፍጥነቷ ተሻሻለ። በሁለተኛው ወር ባለበት ቆመ። በሦስተኛው ወር ወደ ኋላ ይመለስ ጀመር። ምን ያደረገች ይመስላችኋል? ቀነሰች? ኧረ ጨመረች! "ሰንፌ ነው" ብላ በየጠዋቱ ሌላ ግማሽ ሰዓት ጨመረችበት።

አንድ ቀን ጠዋት፣ ገና ከአልጋዋ ሳትነሣ፣ ልቧ ሲሮጥ ሰማችው። ተኝታ ሳለች! አባቷ በአርባ አምስት ዓመታቸው፣ መረብ እየጎተቱ ሳለ፣ በልብ በሽታ ነበር በድንገት የሞቱት። "የአባቴ ነገር መጣብኝ" አለች ለራሷ። ግን ለማን ትናገር? ከተናገረች ከጀልባው ያወርዷታል። ዝም ብላ ቀዘፈች።

ከክለቡ ጋር የሚሠሩ አንዲት የዩኒቨርሲቲ መምህር ነበሩ፤ ዶክተር ምንትዋብ ይባላሉ። ልምምድ በስፖርተኛ ሰውነት ላይ ምን እንደሚያደርግ የሚያጠኑ ናቸው። ለእያንዳንዱ ቀዛፊ ደብተር ሰጥተው፣ "ጠዋት ከአልጋ ሳትወርዱ የልባችሁን ምት ቁጠሩ። ስንት ሰዓት እንደተኛችሁ፣ ምን ያህል እንደሠራችሁ፣ እንዴት እንደዋላችሁ ጻፉልኝ" ብለዋል።

ይርገዱ በየቀኑ ትጽፋለች። የልብ ምት፦ ሃምሳ። እንቅልፍ፦ ለስምንት ሰዓት። እሑድ፦ እረፍት። ስሜት፦ በጣም ደህና።

ሁሉም ውሸት ነበር።

ለምርጫው ውድድር ሦስት ሳምንት ሲቀር የፈተናው ቀን ደረሰ። ፈተናው እንዲህ ነው፦ ቀዛፊዋ ማሽኑ ላይ ተቀምጣ አራት አራት ደቂቃ ትቀዝፋለች፤ በየዙሩ ፍጥነቷን ትጨምራለች፤ በየመሃሉ ከጆሮዋ ጫፍ አንዲት ጠብታ ደም ይወሰዳል። ከጠብታዋ ሰውነቷ ሥራውን እንዴት እንደተሸከመው ይታወቃል። ባለፈው ዓመት ይርገዱ ሰባት ዙር ጨርሳ ነበር። ዘንድሮ አምስተኛው ላይ ክንዷ አልታዘዝ አላት። መያዣውን ለቀቀችው።

ዶክተር ምንትዋብ ውጤቱን አዩ። ደብተሩን አዩ። ሌሎቹን አስወጡና በሩን ዘጉ።

"ይርገዱ፣ ደብተሩ ላይ ያለችው ልጅ ጤነኛ ናት። በደንብ ትተኛለች፣ ታርፋለች። አሁን ያየኋት ልጅ ግን ሌላ ናት። ጠዋት ልብሽ ስንት ይመታል? እውነቱን ንገሪኝ።"

"ሰባ... ሰባ ሁለት" አለች፤ ከዚያ እንባዋ ቀደማት። ሁሉንም ተናገረች፤ የማለዳውን ማሽን፣ የእሑዱን ሩጫ፣ ያቺን አንድ ሰከንድ። መጨረሻ ላይ፣ "ዶክተር፣ አባቴን የገደለው ልቡ ነው። እኔም ልሞት ነው?" አለቻቸው።

ዶክተሯ አልሸነገሏትም። "ሳይታይ ደህና ነሽ አልልሽም፣ የኔ ልጅ። ነገ ጠዋት ሆስፒታል አብረን እንሄዳለን። እስከዚያ መቅዘፊያ እንዳትነኪ።"

በማግስቱ ልቧ ተመረመረ፤ ደሟም ታየ። ውጤቱን ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። ይርገዱ እጆቿን ጭኖቿ መሃል ከታ ወለሉን ታያለች። የልብ ሐኪሙ ወረቀት ይዞ ብቅ ሲል ፊቱን አየችው፤ ከፊቱ ምንም ልታነብ አልቻለችም።

"ልብሽ ምንም የለበትም" አላት። "ጠንካራ ልብ ነው ያለሽ።"

"ታዲያ ምንድን ነው የያዘኝ?"

የመለሱላት ዶክተር ምንትዋብ ናቸው። "ደክሞሽ ነው።"

"በቃ? ድካም ብቻ?"

"ድካም ብቻ። ግን እንደ ቀላል እንዳታዪው። ስንሠራ ሰውነታችን ይጎዳል። ብርታቱ የሚመጣው በልተን፣ ተኝተን፣ ሰውነታችን ራሱን ሲጠግን ነው። አንቺ ማፍረሱን ሠርተሽ መጠገኛውን ጊዜ ከለከልሽው። እነዚያ በዓለም አሉ የሚባሉት ቀዛፊዎች እንኳ አብዛኛውን ልምምዳቸውን የሚሠሩት ቀስ ብለው ነው፤ ወሬ እያወሩ መቅዘፍ በሚቻልበት ፍጥነት።"

ይርገዱ ሳቀች። እያለቀሰች ሳቀች። ኮሪደሩ ላይ ያሉት በሽተኞች ሁሉ ዞረው አይዋት። ደክሞሻል ተብሎ እንዲህ ደስ ያለው ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

አንድ ነገር ግን ቀርቷታል። ጋሽ ደባሱ። ክለቡ ስትደርስ ጀልባ ገልብጠው ሆዱን እያጠቡ ነበር። ቆማ ነገረቻቸው። ጨርቁን እንደያዙ ሰሟት።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ያወርዱኛል ብዬ ነዋ፣ ጋሽዬ።"

"አወርድሻለሁ እንጂ!" አሉ። "ለዚህ ውድድር አትቀዝፊም። እናኑ ከሌላ ልጅ ጋር ትገባለች።"

ያ ቃል ተነገረ። ሦስት ዓመት ሙሉ ስትሸሸው የኖረችው ቃል! ይርገዱ ምድር የምትከዳት መስሏት ጠበቀች። ምድር አልከዳቻትም። ጋሽ ደባሱም አልጨረሱም ነበር። "ያወረድኩሽ ከጀልባው ነው፤ ከእኛ መሃል አይደለም። ስትድኚ ትመለሻለሽ። ሰዓትሽን አይቼ ብቻ የያዝኩሽ መሰለሽ እንዴ፣ አንቺ ልጅ?"

ትከሻዋ ላይ የነበረው ነገር ሁሉ ወረደ። ክፍሏ ገብታ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተኛች፤ የነቃችው በማግስቱ ረፋድ ላይ ነው። እናኑ ሁለት ጊዜ መጥታ ትተነፍስ እንደሆነ አይታለች።

ብዙ ሳምንት መቅዘፊያ አልነካችም። ከዚያ በዝግታ ጀመረች። አንድ ጠዋት የልቧን ምት ቆጥራ ሃምሳ ሁለት ሲሆንላት፣ ተጠራጥራ ደግማ ቆጠረችው። ሃምሳ ሁለት ነው። በሚቀጥለው ዓመት ምርጫ ከእናኑ ጋር ገብታ ሁለተኛ ወጡ፤ ለብሔራዊ ቡድንም ተመረጡ። እሑድ እሑድ ግን ብትጠሯት አታገኟትም፤ ተኝታለች።

ወገኖቼ፣ እስቲ እናንተን ልጠይቅ። "እንዴት ናችሁ?" ስትባሉ "ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ትላላችሁ። እግዚአብሔርስ ይመስገን። ግን ደህና ናችሁ? የታመመች እናትሽን ስድስት ዓመት ብቻሽን ያስታመምሽ እህቴ፣ ደህና ነሽ? ትንሽ ቆም ካልኩ ቤቴ ይፈርሳል ብለህ ሰባቱንም ቀን የምትሮጥ ወንድሜ፣ አንተስ? ጾሙን በጾም ላይ፣ አገልግሎቱን በአገልግሎት ላይ የምትደራርቡት፣ ከፍቅር ነው ወይስ እግዚአብሔር እንዳይተዋችሁ ፈርታችሁ?

እግዚአብሔር ሰዓት ይዞ ዳር ላይ የቆመ ይመስላችኋል? በአንድ ሰከንድ የሚጥላችሁ? ልጆቹ እኮ ናችሁ! የወደዳችሁ ገና ምንም ሳትሠሩ ነው። እንቅልፍን የፈጠረው እርሱ ነው። እናንተ ዓይናችሁን ስትጨፍኑ ዓለሙን ይዞ የሚያድረው እርሱ ነው፤ እስከ ዛሬም አልጣለውም።

ይህን ታሪክ የሰማሁ ዕለት ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኳትና "ለምእመናኑ በጣም ይጠቅማል" አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና "መጀመሪያ አንተን ይጥቀምህ" አለችኝ። ስለዚህ ዛሬ ከሰዓት በኋላ የነበረን የአገልጋዮች ስብሰባ ቀርቷል። ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ቤታችሁ ግቡ። ምሳችሁን ብሉ። "ደክሞኛል" ልትሉት የሚገባ ሰው ካለ ዛሬውኑ በሉት። ከዚያ ጋደም በሉ፤ እኔም ልተኛ ነው።