ፍቺው ያልተነገረ እንቆቅልሽ

አንድ ጊዜ ሰንበሌጥ ሜዳ በሚባል ቦታ ሦስት ቀን ሙሉ ያልተነሳ ጉም ወረደ። እዚያ የሚግጡት አህዮች ከአፋቸው ሥር ያለውን ሣር እንጂ ከጎናቸው የቆመውን ጓደኛ አያዩም ነበር። ድንቡሼ የምትባል ወጣት አህያ አጎንብሳ ስትግጥ ሳታውቀው ከመንጋው ራቀች። ቀና ብትል አንድ ድምፅ ጠራት።

«እንቆቅልሽ።»

ድምፁ አንዴ ከፊቷ፣ አንዴ ከኋላዋ ይመጣል። ድንቡሼ ጆሮዋን አቆመች። ትልልቆቹ አህዮች ሲመሽ እንቆቅልሽ ሲጫወቱ ሰምታለች፤ እሷና እኩዮቿ ግን «የሽማግሌ ወሬ» እያሉ ራቅ ብለው ነው የሚተኙት። ከጨዋታው የምታውቀው መጀመሪያውን ብቻ ነው።

«ምን አውቅልህ?» አለች።

«እጅ የለው፣ ተራራ ይሰርቃል፤ አፍ የለው፣ ሜዳ ይውጣል።»

ድምፁን በዓይኗ እየፈለገች ምኑን ታስበው? «አላወቅሁትም» አለች።

«እንግዲያው አገር ስጪኝ።»

ከሰንበሌጥ ሜዳ ሌላ አገር አይታ አታውቅም። ቶሎ ለመገላገል ብላ «ሰንበሌጥ ሜዳን ሰጠሁህ» አለችው።

ጉሙ ውስጥ አንድ ነገር ምራቁን ሲውጥ ተሰማ። «ተቀብያለሁ። ነገ ረፋድ ላይ እገባለሁ» አለ። ከዚያ የቆየ ቆዳ ሽታ እየራቀ ሄደ።

ድንቡሼ በርግጋ፣ የመንጋውን ኮቴ ድምፅ ተከትላ፣ ጀርባዋ በጭነት ወደ ተላጠው ወደ አሮጊቷ እትዬ ገጣባ ሮጠችና የሆነውን ሁሉ ነገረቻት። እትዬ ገጣባ ማኘኳን አቆመች።

«ከጋራው ወዲያ የነበሩት ፍየሎች ትዝ ይሉሻል?»

«አዎ። የት ገቡ?»

«እነሱም ለአያ ጅቦ አገር ሰጡ። ዛሬ ሣራቸው ጉልበት ደርሷል፤ የሚግጠው የለም።»

«እንሽሽ፣ እትዬ።»

«መውጫው የገደል ጫፍ ጠባብ መንገድ ነው፤ ገደሉ በማይታይበት ጉም ወዴት? ይልቅ አገሩን ከተቀበለሽ በኋላ ምን አለሽ?»

«እገባለሁ አለኝ። ሌላ የለም።»

«አይ የዛሬ ልጆች» አለች አሮጊቷ። «ጨዋታው መቼ አለቀና? አገር የተቀበለ ፍቺውን ይናገራል። ፍቺውን ተጠይቆ ሳይናገር የገባ አውሬ ድምፁ ይዘጋል፤ ይህን ጅብም ያውቃል፣ ይፈራል። ስንጫወት አጠገባችን ተቀምጠሽ ቢሆን አንቺም ታውቂው ነበር።»

«ፍቺውን ቢያውቀውስ?»

«ቢያውቀውማ ይበላናል» አለችና ማኘኳን ቀጠለች።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ጉሙ ውስጥ ሁለት ዓይኖች ታዩ። መንጋው ጎን ለጎን ተጣብቆ ቆመ። ድንቡሼ ወደ ፊት ወጣች።

«አገሬ ልገባ መጣሁ» አለ አያ ጅቦ።

«ግባ። መጀመሪያ ግን ፍቺውን ንገረኝ።»

«የምን ፍቺ?»

«እጅ የሌለው፣ ተራራ የሚሰርቀው ምንድን ነው? ፍየሎቹ አልጠየቁህም?»

«እነሱ እንኳ አልጠየቁኝም» አለ ጅቡ ከልቡ። «እመት ቀበሮ ያስተማረችኝ አገር ስጪኝ እስከሚለው ድረስ ነው።»

«እንግዲያው ሄደህ ጠይቃት። እስክትመለስ አገሩ የኔ ነው።»

ጅቡ ጉሮሮውን ዳሰሰ። ድምፁ ከተዘጋ ዘመዶቹን በምን ይጠራል? ዞረና እያነከሰ ሄደ።

እመት ቀበሮ ከጉድጓዷ ብቅ ብላ ሰማችው።

«አላወቅኸውም ማለት ነው?»

«አላወቅሁትም።»

«እንግዲያው አገር ስጠኝ።»

ጅቡ ከዋሻው ሌላ አገር አልነበረውምና ዋሻውን ሰጣት። እሷም ከነልጆቿ ከመግባቷ በፊት ደጅ ለቆመው አያ ጅቦ «ጉም ነዋ» አለችው። «ውስጡ ቆመህ ትጠይቀኛለህ?»

አያ ጅቦ ፍቺውን በአፉ ይዞ ወደ ሰንበሌጥ ሜዳ በረረ። ጉሙ ግን ተነስቷል። ገደሉን ማየት የቻሉት አህዮች በጠባቡ መንገድ ተሻግረው ሄደዋል፤ በሄዱበትም አገር ሲመሽ ድንቡሼና እኩዮቿ ከእትዬ ገጣባ እግር ሥር አይጠፉም። ሜዳው ላይ የቀረው ኮቴ ብቻ ነበር።

ዛሬም በዚያ ሜዳ ጉም ሲወርድ «ጉም ነው፤ ጉም ነው» የሚል ድምፅ ይሰማል ይላሉ፤ የሚመልስለት ግን የለም።

ከዚህ የምንማረው የአያቶቹን ጨዋታ እስከ ፍቺው ድረስ ጠይቆ የተማረ ወጣት ነፍሱን እንደሚያተርፍ፣ ግማሹን ብቻ ይዞ የሮጠ ግን ባዶ ሜዳ ላይ ሲጮህ እንደሚኖር ነው።